ስትዞሩ ምን አያችሁ?

ሚኒያፖሊስ፣ ኅዳር 8 ቀን 1989 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለገነት ረጋሳ፣ ገርቢቱ

እንዴት ነሽ የኔ ልጅ? አባትሽስ? ጉልበቱን አሁንም ያመዋል? እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና መሆኔን የማያምነው ሐኪሙ ብቻ ነው። ፊደሌ ቢንጋደድብሽ አትሳቂብኝ። በመሠረተ ትምህርት የቆጠርኳት ፊደል ናት፣ እሷም ከኔ ጋር አርጅታ ጎበጠች።

በረዶው መጣልሽ። የገርቢቱ ልጆች ግን ኳሳቸውን አልተዉም። በጋውን ሴንት ፖል ፓርክ ውስጥ ሲራገጡ ከረሙ፣ አሁን የአንድ ትምህርት ቤት ጂም ይዘው እሁድ እሁድ እዚያ ናቸው። ልጆች እላቸዋለሁ እንጂ ከነሱ በፊት በር የሚገባው ሆዳቸው ነው። ቡድናቸውን ያው «መጋዝ» ብለውታል፣ እንደ አገር ቤቱ የእንጨት መሰንጠቂያው ቡድን። እኔም እንደ ድሮዬ ቆሎዬን ይዤ እሄዳለሁ፣ አሁን በነጻ ነው እንጂ።

ኳሱ ሳይጀመር ማሕሙድ ከበሮውን ሦስት ጊዜ ይመታል። አሥመራ ተወልዶ እኛ ጋ ያደገው ልብስ ሰፊ፣ የመጋዝ ከበሮ መቺ የነበረው፣ አንቺ ሕፃን ስለነበርሽ አታስታውሺው ይሆናል። አሁን ሆስፒታል አንሶላ ያጥባል። ከዚያ በ64 ዓ.ም. በታችኛው በር ተረጋግጠው ያለቁብንን ዘጠኙን በሜዳ ስማቸው ይጠራል። «ጎማ!» ይላል። ሁላችንም «ቆሟል!» እንላለን። «አቡሽ ፉጨት!» «ቆሟል!» እንዲህ እያለ ዘጠኙ ይሞላሉ። እስካሁን አንድ ስም አልተዘለለም። የልጄ ልጅ ሮሆቦት ባለፈው «ግራንድማ፣ ኢትስ ጀስት ሶከር» አትለኝም፣ ኳስ ብቻ እኮ ነው ለማለት! «ጀስትሽን እዚያው ያዥው» አልኳት።

ያን ቀን እኔ አራስ ነበርኩ። ቆሎ ሳልሸጥ የቀረሁበት ጨዋታ ያ ብቻ ነው።

አሁን ልቆጣሽ። ባለፉት ሦስት ደብዳቤዎችሽ የረጋሳ ቃል የለበትም። ድሮ «እንዲህ በያት» ብሎ የሚጨምራት ነገር አትጠፋም። አኩርፎኝ ነው? ቁርጡን ጻፊልኝ። ጉልበቱን ያበርታልኝ፣ አንቺንም ደህና ባል ይስጥሽ፤ ኳስ የሚወድ ቢሆን ደግሞ አልጠላም።

አክስትሽ ፋዮ


ገርቢቱ፣ ጥር 4 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለተከበሩ የአባቴ እህት ለአዳዳ ፋዮ

በያሉበት ሰላም፣ ጤናና ሙቀት አይለይዎ። ደብዳቤዎ ደርሶኛል። መልሱ የዘገየው በፍርድ ቤት የታይፕ ሥራ ስለበዛብኝ ነው። አባቴ ደህና ነው። አላኮረፈም፤ ዝም ብሎ ነው።

ለከተማችን ወሬ፦ በመጪው ግንቦት አደጋው ሃያ አምስት ዓመት ይሞላዋል። ሜዳው ታድሶ፣ ግንቦት 17 እሁድ ግጥሚያ ተደርጎ የመታሰቢያ እብነ በረድ ይመረቃል። እብነ በረዱን በራሳቸው ወጪ ያሠሩት አቶ ዋቁማ ናቸው። ያኔ የማዘጋጃ ቤቱ የሜዳ ሹም የነበሩት፣ አሁን ሆቴልም ወፍጮም አላቸው፣ የበዓሉ ኮሚቴ ሰብሳቢም ናቸው።

አንድ ነገር ላስቸግርዎ። የሚመጣ ሰው ቢያገኙ ለአባቴ ጥቁር ኮት ይላኩልኝ፣ ለግንቦት እንዲደርስ። ቁመቱ የሚያውቁት ነው። ትከሻው ግን ጠቧል።

ዕድሜዎን ያርዝምልን።

ገነት


ሚኒያፖሊስ፣ ጥር 28 ቀን 1989 ዓ.ም.

ገነት፣

ሰላምታውን ዝለይው፣ ደህና መሆንሽን ከደብዳቤሽ ዓይቻለሁ። ኮት ነው ያልሽኝ? ረጋሳ? ከእስር ከወጣ ጀምሮ ወደ ሜዳው አቅጣጫ አንገቱን እንኳ የማያዞር ሰው፣ ለሜዳ በዓል ምን ቆርጦት ነው ኮት የሚለብሰው? እኔ አሮጊት ነኝ እንጂ ጅል አይደለሁም።

አንቺ ያኔ ጡት ትጠቢ ነበር፣ እኔ ልንገርሽ። አባትሽ የታችኛው በር ጠባቂ ነበር። ጨዋታው ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ያን በር ይከፍትና ቲኬት መግዣ ያጣውን ሁሉ ያስገባል። «የድሃ በር» ይሉት ነበር። ሁሌ በዚያ ሰዓት ክፍት ነው፣ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ያን ቀን በመጨረሻው ላይ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። ሕዝቡ ክፍት ነው ብሎ ወደዚያው ሮጠ። ተቆልፏል! የኋላው የፊተኛውን ገፋው፣ ዘጠኝ ሰው አለቀ። አባትሽን «ቁልፉን ይዞ፣ ሰክሮ ተኛ» ብለው አራት ዓመት አሰሩት። ጠጅ ሲሸተው የሚያስነጥሰውን ሰው!

አሁን ሁለት ነገር ጻፊልኝ። እብነ በረዱ ላይ ምን ተጻፈ? ኮቱስ ለምንድን ነው? ሁለቱን ሳላውቅ አንድ የኮት ቁልፍ አልልክም።

ፋዮ


ገርቢቱ፣ መጋቢት 3 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለአዳዳ ፋዮ

ይቅር ይበሉኝ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት።

እብነ በረዱ ላይ እንዲህ ተብሎ ተቀርጿል፦ «በበር ጠባቂው በረጋሳ ቸልተኝነት ሕይወታቸውን ላጡ ዘጠኝ ደጋፊዎች መታሰቢያ»። የአባቴ ስም አለበት። የዘጠኙ ስም የለበትም።

አቶ ዋቁማ ቤታችን መጡ። «ሕዝቡ ፊት ቆመህ ይቅርታ ብትጠይቅ ነገሩ ይዘጋል፣ ልጅህም ቀና ብላ ትሄዳለች» አሉት። የሚያነበውን ወረቀት ራሳቸው ጽፈው ሰጡት። አባቴ እሺ አለ። ኮቱ ለዚያ ነው።

በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ፋይሉን አውጥቼ አነበብኩት። የአቶ ዋቁማ ቃል «ቁልፉ ከጠዋት ጀምሮ በበር ጠባቂው እጅ ነበር» ይላል። ከዚያ ሌላ ምስክር የለበትም። አባቴን «እውነት ነው ወይ?» ብዬ ጠየቅኩት። ተነስቶ ወጣ።

እባክዎ ለማንም አይንገሩ።

ገነት


ሚኒያፖሊስ፣ መጋቢት 20 ቀን 1989 ዓ.ም.

ገነት ልጄ፣ ጤና ይስጥልኝ፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ለማንም አይንገሩ ብለሽኝ ነበር። ለማንም አልነገርኩም። ለሁሉም ነገርኩ።

እሁድ ጂሙ ውስጥ ኳሱን አስቆምኩና ደብዳቤሽን አስነበብኳቸው። «እህ፣ አፍ የላችሁም?» አልኳቸው። «እሁድ እሁድ ቆሟል ቆሟል ትላላችሁ። ረጋሳስ? እሱ በቁሙ ሲሞት ማን ይጥራው?»

ደረሰ የሚባል አለልሽ፣ ሻኮፒ ፋብሪካ የሚሠራው፣ ያ ዘጠኝ ቀዳዳ ያለው ሹራብ ይለብስ የነበረ፤ ከመኪናው ትልቅ ካርቶን አመጣ። ሜዳውን ሣልንበት። ባቄላ አካፈልኳቸው። «እያንዳንድህ ያን ቀን የቆምክበት ላይ አንድ ፍሬ አስቀምጥ» አልኩ። እኔ ማን የት እንደሚቆም በሚበላው አውቃለሁ፤ ጥርስ የሌለው ከፊት ነው፣ ለግብጦ ስለሚጠራኝ።

ልትጣላ ነው ዓለም! ደረሰ ከላይኛው ጎል ጀርባ ካለው ዛፍ ሥር ባቄላውን ሲያስቀምጥ ማሕሙድ አነሳበት።

«እዚያ እኔ ነበርኩ!»

«አንተማ ከወንዙ በኩል ነበርክ፣ ከበሮህን ስሰማ ትዝ ይለኛል!»

«ከወንዙ በኩል ምን ልሠራ? ልዋኝ?»

ግማሹ ከላይኛው ጎል ጀርባ አስቀመጠ፣ ግማሹ ከወንዙ ጎል ጀርባ። አንዱ ሌላውን ውሸታም አለ። ከኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ በዚያ በረዶ ድራይቭ አድርጎ የመጣ አንድ ሰውዬ የመኪናውን ቁልፍ አንስቶ ሊሄድ ኮፍያውን ደፋ።

እኔ ሳቄ መጣ። «እናንተ ድንጋዮች፣ ትዞሩ አልነበር እንዴ!»

ይኸውልሽ፣ የመጋዝ ደጋፊ ልማድ አለው። ሁሌ የሚቆመው ቡድኑ ከሚያጠቃው ጎል ጀርባ ነው። ለዕረፍት ሲወጡ ሕዝቡ ሁሉ ከበሮውን ተከትሎ ሜዳውን ይዞርና ወዲያኛው ጎል ጀርባ ይሄዳል። እኔስ ስንት ዓመት ቆሎ ተሸክሜ ዞርኩ! አንዱ የመጀመሪያውን አጋማሽ ያስታውሳል፣ ሌላው ሁለተኛውን። ሁሉም እውነቱን ነው።

ባቄላዎቹን በጣቴ እየገፋሁ አዞርኳቸው። እያንዳንዷ ፍሬ በታችኛው በር ፊት አለፈች። «ስታልፉ ምን አያችሁ?» አልኩ።

ማሕሙድ ራሱን ያዘ። «ያ ረቢ» አለ። «የከበሮዬ ጠፍር ተበጥሶ በሩ ጋ ቆምኩ። ረጋሳ ሲባጎ ሰጠኝ። ያኔ ዋቁማ መጣና እጁን ዘረጋ። ‹ቁልፉን አምጣ፣ ዛሬ ነጻ መግቢያ የለም› አለው። ረጋሳ ከቀበቶው ፈትቶ ሰጠው። ዋቁማ ኮቱ ኪስ ውስጥ ጨመረው።»

«ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ምላስህን ምን በላው?» አልኩት።

«የመለሰለት መሰለኝ! በሳምንቱ ሱዳን ለሥራ ሄድኩ። ረጋሳ መታሰሩን ስሰማ ዓመት አልፎታል። ስለ ዕረፍቱ ሰዓት ማን ጠየቀኝ?»

አየሽ? ሰው የሚመልሰው የተጠየቀውን ነው። እዚያ ፖሊሱ «ዝናቡ ሲመጣ ቁልፉ ማን ጋ ነበር?» ብሎ ጠየቀ፣ ሕዝቡም «አላውቅም» አለ፣ አለቀ። አንቺ እንደዚያ እንዳትጠይቂ! ቤት ለቤት ሂጂና «ስትዞሩ ምን አያችሁ?» በያቸው። ሌላ ቃል አትጨምሪ። አፋቸው ውስጥም አትግቢ።

እውነት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ሃያ አምስት ዓመት የሚያድር እውነት ግን መቀስቀሻ ያስፈልገዋል።

ፋዮ


ገርቢቱ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለአዳዳ ፋዮ፣ እጅዎን ስሜአለሁ

እንዳሉኝ አደረግሁ። መጀመሪያ የሄድኩት እማማ ዙለይሃ ዘንድ ነው፣ የአቡሽ ፉጨት እናት። ሃያ አምስት ዓመት ደጃችንን ረግጠው አያውቁም። «ስትዞሩ ምን አያችሁ?» አልኳቸው። «ዋቁማ ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ ሲሄድ አይቻለሁ» አሉ። «የቤቱ ቁልፍ መስሎኝ።» ከዚያ መቀነታቸውን ፈትተው እንደገና አሠሩ፣ «ቀጥሎ ማን ጋ ነው የምንሄደው?» አሉኝ። የምንሄደው! አብረን ዞርን። እስካሁን ሠላሳ አንድ ሰው «አይቻለሁ» ብሏል፤ አንዱ ቁልፉን፣ አንዱ የተዘረጋውን እጅ፣ አንዱ የአባቴን ባዶ ቀበቶ። ሁሉም በየፊናቸው ትንሽ ነገር ስለመሰላቸው ዝም ያሉ ናቸው። ቃላቸውን ጽፌ አሻራቸውን ወሰድኩ።

የፍርድ ቤቱ ኃላፊ ግን «የተዘጋ ፋይል ነው፣ ርክክቡን በቅርብ ያየ ምስክር አምጪ» አሉ።

ለአባቴ ነገርኩት። «ተይው» አለኝ። «ቁልፉን ማንም ይያዘው፣ በሩን ያስለመድኳቸው እኔ ነኝ። ባላስለምዳቸው ወደዚያ አይሮጡም ነበር።» ዝም ብሎ የኖረው ለካ ለዚህ ነው። አሁንም ያነበዋል፣ ቆርጧል።

ኮቱ ይቅር። የማሕሙድን ቃል ይላኩልኝ።

ገነት


ሚኒያፖሊስ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1989 ዓ.ም.

ገነቴ፣

ይህን የሚያመጣልሽ ሰው ሐሙስ ይበራል፣ ስለዚህ አጭር ነው፤ ለኔ አጭር።

ማሕሙድ እዚህ ኖታሪ በሚሉት ውል አዋዋይ ፊት የፈረመበት ወረቀት ይኸው። ደግሞም ካሴት አለ፣ በራሱ ድምፅ የተናገረበት፤ ሲጀምር ከበሮ ካልመታሁ አልናገርም ብሎ ጎረቤት ሁሉ ግድግዳ ደበደበብን። ኮቱም አለ። ረጋሳ ቢያነብም ባያነብም ብርድ ይመታው የለም።

አንድ ነገር ስሚኝ። ወረቀት መሳቢያ ይበላዋል፣ ሰው ግን መሳቢያ ውስጥ አይገባም። ግንቦት 17 ሜዳው ይሞላል። ለዕረፍት ሲወጡ ዙሩ! እንደ ጥንቱ ዙሩ፣ በሩ ጋ ስትደርሱ ቁሙ፣ እያንዳንዱ ያየውን ይናገር። ረጋሳን ደግሞ እንዲህ በይው፦ ቸርነትህ ወንጀል ከሆነ፣ በዚያ በር በነጻ የገባው ከተማ ሁሉ ይታሰር።

እግራችሁን ያጽናው።

ፋዮ


ገርቢቱ፣ ሰኔ 14 ቀን 1989 ዓ.ም.

አዳዳ! አዳዳ ፋዮ!

ያዘገየሁት ሆን ብዬ ነው፣ ሙሉውን ይዤ ልጽፍልዎ። አሁን ይያዙኝ።

ያን የግንቦት እሁድ ሜዳው ጢም ብሏል። አቶ ዋቁማ መድረክ ላይ፣ እብነ በረዱ በጨርቅ ተሸፍኖ፣ አባቴ የላኩለትን ኮት ለብሶ ወረቀቱን ይዞ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። የመጀመሪያው አጋማሽ አለቀ። ይቅርታው ሊነበብ ነው። ያኔ ሻይ ቤት የሚሠራው የሰፈራችን ልጅ ቴፑን ማይኩ ላይ ደቀነው። የማሕሙድ ከበሮ፦ ድም! ድም! ድም!

እማማ ዙለይሃ ከዘራቸውን ይዘው ተነሱ። ብቻቸውን መዞር ጀመሩ። ከኋላቸው አንድ ሽማግሌ። ከዚያ አሥር። ከዚያ ያልተነሳውን መቁጠር ይቀላል። የእንግዳው ቡድን ደጋፊ ሳይቀር «ምንድን ነው?» እያለ ተከተለ። ታችኛው በር ጋ ሲደርሱ ቆሙ። እያንዳንዱ በድሮ ቦታው ጮክ ብሎ ተናገረ። «ከጎማ ኋላ ነበርኩ፣ ዋቁማ እጁን ሲዘረጋ አይቻለሁ!» «ከፊቱ ነበርኩ፣ ቁልፉ ኪሱ ሲገባ አይቻለሁ!» ሠላሳ አንድ የነበሩት ስልሳ አለፉ። መጨረሻ ላይ የማሕሙድ ድምፅ በቴፑ ከአሜሪካ መጣ፤ «ቁልፉን አምጣ፣ ዛሬ ነጻ መግቢያ የለም» እስከሚለው ድረስ።

አቶ ዋቁማ ማይኩን ያዙ፣ ተዉት፣ እንደገና ያዙት። «ኪሴ ውስጥ ረሳሁት» አሉ። «ዝናቡ ሲመጣ ቤቴ ገባሁ። ያገኘሁት ማታ ኮቴን ሳወልቅ ነው። ፈራሁ።»

አባቴ ተነሳ። እሱ ግን ወደ በሩ ሰዎች ዞሮ «በሩን ያስለመድኳችሁ እኔ ነኝ» አለ። እማማ ዙለይሃ ከታች መለሱለት፦ «ልጄ በዚያ በር ስንት ጊዜ በነጻ ገብቶ እየዘፈነ ቤቱ መጣ! ደስታ አስለመድከን እንጂ ሞት አላስለመድከንም። ይልቅ ቀና በል፣ ኮቱ ያምርብሃል!» ሕዝቡ ሳቁንና ለቅሶውን ቀላቀለው።

አባቴ ቀና አለ። ወረቀቱን ለአቶ ዋቁማ ሰጣቸው። «የጻፍክልኝ ነው» አለ። «ስሙን ብቻ ቀይረህ አንብበው።»

አነበቡት፣ አዳዳ። እስከ መጨረሻው። በራሳቸው ስም።

ዳኛው ለሁለተኛው አጋማሽ ፊሽካ ቢነፋ ማን ይመለስ! ሜዳ ላይ ሃያ ሁለት ሰው ብቻውን ቀረ። በኋላ ዳኛው ራሱ ኳሱን ታቅፎ ወደ እኛ መጣ።

ያ የተዘጋ ፋይል በማግስቱ ተከፈተ። የዛሬ ሳምንት ፍርድ ቤቱ የቀድሞውን ፍርድ ሰርዞ አባቴን ነጻ ብሎታል። ውሳኔውን ታይፕ የመታሁት እኔ ነኝ፤ «ነጻ» የሚለው ላይ ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ፣ ቁልፎቹ አልታይ ብለውኝ። እብነ በረዱ ተገልብጦ በጀርባው ዘጠኙ ስሞች እየተቀረጹበት ነው፣ በሜዳ ስማቸው።

ልጅዎ ገነት


ሚኒያፖሊስ፣ ሐምሌ 6 ቀን 1989 ዓ.ም.

እልልልልል! ሰላምታው ይኸው ነው!

ደብዳቤሽን ሴንት ፖል ፓርኩ ውስጥ፣ ጨዋታው መሐል ገብቼ አስነበብኩ። ደረሰ ሜዳው ላይ ተንከባለለ፣ በዚያ ወገቡ። ማሕሙድ ከበሮውን አቅፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔማ እልልታዬን ስለቀው ውሻ የሚያንሸራሽሩት ሁሉ ቆሙ። ፖሊስ መኪናውን አቁሞ «ኤቭሪቲንግ ኦኬ?» አለ። «ወንድሜ ንጹሕ ነው!» አልኩት በአማርኛ፣ ሮሆቦት አስረዳችው። ሰውዬው ኮፍያውን አውልቆ «ኮንግራጁሌሽንስ፣ ማዳም» አለኝ። እኔም ቆሎ ዘገንኩለት፣ ቆመ፣ በላ።

ከዚያ ሮሆቦት ጆሮዬ ላይ ተጠግታ «ሁዋት ዋዝ ሂዝ ኔም አጌይን?» ብላ ስሙን ጠየቀችኝ። «ረጋሳ» አልኳት። ሁለት ጊዜ ለብቻዋ ስትለማመደው ሰማኋት።

አሁን ረጋሳ ራሱ ይጻፍልኝ። ምክንያት አልቀበልም።

ፋዮ


ገርቢቱ፣ ሐምሌ 30 ቀን 1989 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለፋዮ

የምናገረው እኔ ረጋሳ ነኝ፣ የምትጽፈው ገነት ናት። ከራሷ እንዳትጨምር አጠገቧ ቁጭ ብያለሁ።

ምን እንደምልሽ አላውቅም፣ ስለዚህ ያለፈውን ቅዳሜ ልንገርሽ። ገነት ቲማቲም ግዛ ብላ ላከችኝ። ከእስር ከወጣሁ ወዲህ ገበያ የምሄደው በጓሮ መንገድ፣ በወንዙ ዳር ነበር። ሰው እንዳያየኝ። ቅዳሜ ግን እግሬ ዝም ብሎ በዋናው መንገድ ወሰደኝ።

የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ወጥቼ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ገባሁ። ጫማ ጠራጊው አስቆመኝ። ባለ ሱቁ አስቆመኝ። የሚያውቀኝም የማያውቀኝም «ጋሽ ረጋሳ፣ ሻይ!» ይላል። ስምንት ሻይ ጠጣሁ። ሽንቴ ወጥሮኝ ሽንት ቤት የት ነው ያልኩት ሰውዬ፣ አሳይቶኝ ስመለስ ዘጠነኛውን አዝዞ ጠበቀኝ። አንዱ ያቅፈኛል፣ አንዱ ትከሻዬን ይመታል፣ ፌስታሉ በመሐል ይጨፈለቃል።

ቤት ስደርስ ቲማቲሙ ወጥ ሆኗል። ገነት ጮኸችብኝ። «ከእንግዲህ ገበያ እኔ ነኝ የምሄደው» አለች።

አልፈቅድም። ለሚቀጥለውም ቅዳሜ ቲማቲም የምገዛው እኔ ነኝ።

ወንድምሽ ረጋሳ